የሚስቴ ሰባተኛ ፈተና

ሰው የሚፈልገውን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው ይላሉ። ይህን የሚሉት ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር አንድ ቤት ኖረው የማያውቁ ናቸው። እኔ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ጨጓራዬ ተልጦ አልቋል።

ሚስቴ የምትፈልገው መኪና መንዳት ነው። መኪና የለንም። ልንገዛም አላሰብንም። ይህን በትሕትና ሳስታውሳት፣ "መኪና መች አልኩህ? መንዳት ነው ያልኩት" አለችኝ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብዬ ተረትኩባት። "ሰማይ ላይ ከሆነች መንገዱን ልወቀዋ!" ብላ ሳቀች። ከእሷ ጋር መከራከር እንዲህ ነው። ተናድጄ እጀምራለሁ፣ እሷ ስቃ ትጨርሳለች፣ ንዴቱ እኔው ጋ ይቀራል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች። መስመሯ ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ፌርማታ። አውቶቡሶቹ ያረጁ ስለነበሩ ሹፌሩ የኋላውን በር አያይም። የመጨረሻው ሰው መውጣት መግባቱን የምታየው ትኬት ቆራጯ ናት። እሷ የብረቱን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ ካላደረገች ሹፌሩ ስንዝር አይንቀሳቀስም። ሕጉ ነው። አንዴ ኳ "ቁም" ነው፣ ሁለቴ ኳ "ሂድ" ነው። ሚስቴ ይህን በቀለበቷ ታደርገው ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ "ኳኳ" ይላታል። ያሰርኩላት ቀለበት አንድ ጎኑ ተጠፍጥፎ ሳንቲም መስሏል።

ያገኘኋትም እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ያኔ ሰው ሱቅ ተቀጥሬ ልብስ እሰፋ ነበር፤ ሱቁ ስድስተኛው ፌርማታ ላይ ነው። እኔ ግን አሥራ አንደኛው ድረስ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ይህን ስምንት ወር አደረግሁት። አንድ ቃል ሳልናገር ስምንት ወር ሙሉ ጫማ ጨረስኩ። አንድ ቀን ስድስተኛው ላይ በሩን ይዛ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ወንድሜ፣ ሱቅህ እዚህ መሆኑን አውቃለሁ። የምትጨምራት መንገድ ለእኔ ከሆነች እሑድ እረፍት ነኝ" አለችኝ። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ጡረታ የወጣች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ ሸኟት። አለቃዋ ንግግር አድርጎ ሲጨርስ፣ እንዲሁ ለወጉ ያህል፣ "እንግዲህ ወደፊት ምን አስበዋል?" አላት። "እስከ ዛሬ ከኋላ ነበርኩ። አሁን ከፊት ልቀመጥ ነው" አለች። ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ። ያላጨበጨብኩ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አውቃታለኋ! በማግሥቱ ማለዳ ስነሳ አልጋው ባዶ ነው። የመንጃ ማሰልጠኛው በር እስኪከፈት ቆማ ትጠብቃለች።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ ቤት አልሆነም። እኔ ልብስ የምሰፋው እቤቴ ነው፤ ወደ መንገድ የሚወጣው ክፍል ሱቄ ነው። የመንገድ ምልክቶችን በካርቶን ስላ ግድግዳውን ሁሉ ለጠፈችው። ሽንት ቤቱ በር ላይ "መግባት ክልክል ነው"። ወጥ ቤቱ ላይ "ቅድሚያ ስጥ"። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ መስታወቱ ፊት ሲቆም ከራሱ በላይ "አደገኛ ቁልቁለት" የሚል ያያል። የድስት ክዳን ፈልጌ ካጣሁ ሶፋው ላይ ተቀምጣ መሪ አድርጋዋለች። አንድ ቀን ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጣ መርገጫውን ፍሪሲዮን ነው ብላ ትለማመድበታለች። ከመርፌው ሥር ለሠርግ የሰፋሁት ሱፍ ነበር። ሙሽራው እጁን ቢያስገባ በሌላው በኩል አይወጣም፤ እጅጌው ተደፍኗል።

"አንቺ ሴትዮ! ምን አድርጌሽ ነው?" አልኳት።

"ማርሽ ሦስት ላይ ደርሼ ነበር" አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ።

በዚህ ላይ ትወድቃለች። የጽሑፉን ፈተና በአንዴ አለፈች፤ የመንገዱን ግን አንዴ ወደቀች፣ ሁለቴ ወደቀች፣ ስድስቴ ወደቀች። ሰው ሲወድቅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው። እሷ ከመንገድ ማዶ ጀምራ፣ "ወደቅኩ!" እያለች ትመጣለች፤ ሌላ ሰው ልጅ ወለድኩ እንደሚለው ዓይነት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አብረዋት የወደቁትን አራት ሰዎች ይዛ መጥታ ምሳ አበላቻቸው። አንዱ እያለቀሰ ነበር። "አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ" ትለዋለች። እሱ በቀጣዩ አለፈ፣ እሷ ወደቀች፣ ደስ አላት።

አዝና ብትመጣ እኮ አጽናናት ነበር። ማጽናናት እችላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሯ አብጦ ስትመጣ ውሃ አሙቄ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ለደስታዋ ግን ምን ይደረግለታል? ከጎኗ ቆሜ እንደ ዛፍ አያታለሁ።

ፈታኙ በሚሰጣት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የሚጻፈው፤ "ያለ ምክንያት መቆም"።

"ለምንድን ነው የምትቆሚው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ። እግሬ ነው።"

"እግርሽ የማን ነው?"

"የኔ ነው፤ ግን አንዳንዴ ሳያማክረኝ ይሠራል።"

ልጃችን ጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ስልክ ደውዬ ስነጫነጭባት፣ "አባዬ፣ ተዋት በቃ፤ ደስ ይላታል" አለችኝ። "እኔን የገደለኝ እኮ ደስታዋ ነው!" አልኳት። "እንግዲያው አንተም ደስ ይበልህ" ብላ ስልኩን ዘጋችው። ልጅ ወላጁን የሚመክርበት ዘመን መጣ። "ካረጁ አይባጁ" የሚለውን ተረት ለእናትሽ ንገሪልኝ ብያት ነበር፤ ነግራልኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ነግራትም ከሆነ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

ሕጉ ደግሞ መጣ። ስልሳ አምስት ዓመት ለሞላው ሰው አዲስ መንጃ ፈቃድ አይሰጥም። እሷ ስልሳ አምስት የሚሞላት ከሰባተኛው ፈተና በኋላ በአምስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ሰባተኛው የመጨረሻ ነው። ከወደቀች ወደቀች፤ ከዚያ በኋላ ለሚቀጥለው መዘጋጀት የለም። ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ አልኩ። ፈተናው ቅዳሜ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ካርቶኖቹ ይወርዳሉ፣ የድስቱ ክዳን ወደ ድስቱ ይመለሳል።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው ማክሰኞ አንድ ቀጭን ሰውዬ ሱሪ ሊያስጠብብ መጣ። ሚስቴ ልምምድ ላይ ነች። ሰውዬው መስታወቱ ፊት ቆሞ ግድግዳውን ሲያይ ፈገግ አለ።

"ቤት ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሚማር ልጅ አለ እንዴ ጋሼ?"

"አለ" አልኩት። ምን ልበለው?

"እኔ ፈታኝ ነኝ እኮ። ቅዳሜ ቅዳሜ መንገድ ላይ የምፈትነው እኔ ነኝ።"

ስፒል በአፌ ይዤ ስለነበር ዝም አልኩ። ፈታኝ ሆኖ ወሬ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህኛው ግን ወገቡን እያስለካ ስለ ተፈታኞቹ ይዘረግፍልኝ ጀመር። እንዲህ ሲል እንዲህ ሲል እሷ ጋ ደረሰ።

"አንዲት እናት አሉ፣ አንጀቴን ነው የሚበሉት። ስድስት ጊዜ ፈትኛቸዋለሁ። አነዳዳቸውን ቢያዩት ጋሼ! ማርሽ አይጮህባቸው፣ መሪ አይጠፋባቸው። ከእኔ ይሻላሉ። ግን ፌርማታ ሲያዩ ይቆማሉ። እሺ፣ ይቁሙ። ቆመው አይሄዱማ! ስፖኪዮውን እያዩ ቁጭ ይላሉ። ከኋላችን ጡሩምባ በጡሩምባ ነው። 'እማማ፣ ምን ሆኑ?' ስላቸው፣ 'ቆይ ልጄ፣ ገና ነው' ይሉኛል። ምኑ ነው ገና? አንድ ደቂቃ ሙሉ! ሕግ ነውና እጥላቸዋለሁ። ወረቀቱን ስሰጣቸው አመሰግናለሁ ብለውኝ ይሄዳሉ።"

ስፒሉን ወገቡ ላይ ሰካሁበት። ጮኸ። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ልኬን ጨረስኩ፣ ሱሪውን ለሰኞ ቀጠርኩት። ሲወጣ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን እየጠበቀች እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ስምንት ወር ያንን አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው እንዴት አይገባውም? ኳ ኳ የሚለውን ነው የምትጠብቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም መኪና ከፌርማታ ያለዚያ ድምፅ ሲነሳ አላየችም። አሁን ከፊት ተቀምጣ ከኋላ አንድ ሰው እንዲመታላት ትጠብቃለች፤ የሚመታላት ሰው ደግሞ ጥንት እሷ ራሷ ነበረች። እሷም አታውቀውም፣ ፈታኙም አያውቀውም።

እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም አልኩ።

ዝም አይነቅዝም እያልኩ ማክሰኞን አሳለፍኩ። ረቡዕ ደግሞ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። አርጅታለች። መንገዱ በእብድ ሹፌር ተሞልቷል። ብታልፍስ ምን ትነዳለች? ሐሙስ ላይ ምክንያቶቼን ሁሉ ጨርሼ ስለነበር ያለ ምክንያት ዝም አልኩ። እሷ በበኩሏ ደረቅ ጫማዋን ሶሉ እግሬን ያደነዝዘዋል ብላ በቀጭን ሶል አስቀየረች። ይህች ሴት በስልሳ አራት ዓመቷ ለፍሬን የሚመች ሶል ትመርጣለች!

ዓርብ ምሳ እየበላን፣ "ነገ ብወድቅ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ምን ታደርጊያለሽ?"

"አላውቅም። አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።" ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ሄደች፤ ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ ሳህን ሲታጠብ ሳልሰማ ብዙ ቆየሁ።

ያን ዕለት የቆረጥኩት ጨርቅ ሁሉ ተበላሸ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሥር ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች። እኔ መቀስ ይዤ ቆሜያለሁ። አፌ ሳልጠራው ተከፈተ።

"ኳኳታውን ነው የምትጠብቂው" አልኳት።

"ምን?"

"ፌርማታ ላይ። እግርሽ ኳኳታ ነው የሚጠብቀው።" ባልገባት ጊዜ በመቀሱ እጀታ በሩን ሁለቴ መታሁት። ኳ ኳ። ግራ እግሯ፣ ክሩ ገና ሳይታሰር፣ ከወለሉ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ፍሪሲዮን እንደሚለቅ ሰው። ሁለታችንም እግሯን አየነው።

"ማንም አይመታልሽም" አልኳት። "መሪው ላይ አንቺው ምቺው።"

እጇን ገልብጣ ቀለበቷን አየች፣ እግሯን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ፈታኙ ሱሪ ሊያስጠብብ መጥቶ ነበር። ሳያውቀኝ አወራኝ።"

"መቼ?"

"ማክሰኞ።"

በጣቷ ቆጠረች። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ፊቷ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ያላየሁት ነገር መጣ፤ ሳቅ የሌለበት ፊት። ክሩን አሰረች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጣች። በሩንም በቀስታ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ስፌት አልሰፋሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ "ምነው ይህች ሴት ባልሳቀች" እያልኩ የኖርኩ ሰው፣ አሁን መንገዱን እያየሁ ከማዶ "ወደቅኩ!" ብትል እንኳ ብዬ ተመኘሁ። ወድቃም ቢሆን እየሳቀች ትምጣ አልኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ከማዶ አልጮኸችም። ገባች፣ ወረቀቱን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። "አልፈዋል" ይላል፤ ማኅተም አለበት።

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኳት።

"እንኳን አብሮ ደስ አለን። ሦስት ፌርማታ ነበረ። ሦስቱም ላይ እግሬ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ሦስቱም ላይ መሪውን መትቼ አለፍኩ። ፈታኙ 'ምንድን ነው የሚያንኳኩት?' አለኝ። 'ልማድ ነው' አልኩት። ምንም አልጻፈም።"

ይህን ሁሉ ስትናገር ቆማ ነው። ከዚያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ "እንድወድቅ ፈልገህ ነበር?" አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምክንያቴን እደረድር ነበር። የመንገዱን አደጋ፣ ዕድሜዋን፣ የሙሽራውን እጅጌ። አንዱም አፌ ላይ አልመጣም።

"አዎ" አልኩ።

"ለምን?"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማለዳ ትወጫለሽ፣ ሲመሽ ትመጫለሽ። እኔ እዚህች ክፍል ውስጥ ከዚህች መኪና ጋር ብቻዬን ነው የኖርኩት። ጡረታ ስትወጪ፣ 'ይበቃል፣ ከእንግዲህ ቁጭ ብላ ታወራኛለች' አልኩ። በማግሥቱ ሄድሽ። ብታልፊ ደግሞ ጭራሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው።"

ቦርሳዋን አስቀመጠች። እሺ፣ አሁን ታለቅሳለች፣ ወይም ታቅፈኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

"እና ይሄን ሁለት ዓመት አፍህ የት ሄዶ ነበር?" አለች። "በየቀኑ ትነጫነጫለህ! ክዳኑ፣ ካርቶኑ፣ እጅጌው፣ ተረቱ! አንድ ቀን 'ተቀመጪ፣ ናፍቀሽኛል' ብትል ምን ትሆን ነበር? ሰው የሚፈልገውን አይናገርም እንዴ? ያኔም ስምንት ወር ሙሉ በእግርህ ስትመለስ እኔው ነኝ የተናገርኩልህ! እስከ መቼ ነው እኔ የምናገርልህ?"

ላቤን በእጅጌዬ ጠረግሁ።

"በል ተናገር" አለች፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። "ምንድን ነው የምትፈልገው? በቀጥታ።"

ለደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ለልጄ፣ ስለ ሁሉም ነገር ስናገር የኖርኩ ሰው ይህችን አንዲት ነገር ለመናገር ጉሮሮዬን ሦስቴ ጠረግሁ።

"ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ" አልኩ፣ "እኔ ስሰፋ እዚህ እንድትቀመጪ።"

"እና?"

"በቃ። እንድትቀመጪ።"

"መንዳቱንስ?"

"ጠዋት ንጂ። ማሰልጠኛው መኪናውን ካዋሰሽ ንጂ። እኔ መች ጠላሁ?"

"ይሄው ነው?"

"ይሄው ነው።"

"ለዚህ ነው ሦስት ቀን የደበቅኸኝ?"

"ለዚህ ነው።"

ወንበሯን ወደ ስፌት መኪናው አስጠጋችና ራሷን ነቀነቀች።

"አንተ ሰውዬ" አለች፣ "እንዴት እንደምታናድድ ታውቃለህ?"